ችካሉን ያለፈ

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰው ሳዋስን ኖሬ፣
ችካልና ሜትር ተሸክሜ ዞሬ፣
ጡረታ ስወጣ የደረሰኝ መሬት
ከአዌቱ በላይ ነች፤ አንዲት ቀይ ቁልቁለት።

የጅማ ዝናብ ደግ ነው ይላሉ፤
እንዲህ የሚሉት ሜዳ ላይ ያሉ።
የኔን አፈር ግን ሌሊት ሰርስሮ
አድርሶት ያድራል ነዚፋ ጓሮ።
ድንጋይ ብደረድር፣ ድንጋዩ ተከትሎት ሄደ፤
አሸዋ በጆንያ ብቆልል፣ ጆንያው በስብሶ ተቀደደ፤
ቁልቁለት ላይ ያለ ነገር ሁሉ መሄድ ለመደ።

ያኔ እኔና ነዚፋ አንነጋገርም፤
ሦስት ክረምት ሆኖን፣ ጠቡ ትልቅ አይደለም፤
ልኩን ካላችሁኝ፣ አርባ ሰባት ሳንቲም።
(ቀያሽ ነኝ፤ ስም እንጂ ልክ አይጠፋኝም።)
ችካል ስተክል፣ ማታ ነቀለች።
ብረት ስተክል፣ እንሰት ተከለች።
"ሜትርህ ያዳላል፣ እንዳንተው" አለች።

በሰኔ አጋማሽ ተማም ብቅ አለ፣
ከእርሻ ኮሌጁ፣ በዶፍ እንዳለ።
ከጃኬቱ ሥር ፌስታል አወጣ፤
"ጋሼ፣ ግንቡ ይቅር፤ ጎርፉን አታስቆጣ፤
አፈርን የሚይዘው ድንጋይ አይደለም፣ ጣት ነው፤
ይኸውልህ ጣቱ፣ ውሰድና ትከለው።"

ከፍቼ ባየው
አሥራ አንድ ቁራጭ ሐረግ፣ የተጨማደደ፣
ፍየል እንኳ አይታው ሆዷ ያልወደደ።
"ስሙስ?" ስለው፣ "የፈረንጁ ጠፋኝ፤
እኛ ምንጣፍ ነው የምንለው" አለኝ።

ቀያሽ አይደለሁ? ገመድ ወጠርኩና፣
ሠላሳ ሠላሳ ሳንቲም አራራቅኩና፣
እንደ ሰልፈኛ ደርድሬ ተከልኩ፤
የቡና ገለባ ሥሩን አለበስኩ፤
ሰርዶውን በጣቴ እያሳደድኩ
ሁለት ጥፍር ከሰርኩ።

ክረምቱ ሲያልፍ አምስቱ ሞቱ።
ስድስቱ አልሞቱም።
አልኖሩምም።

ባጃጅ የሚነዳው ሙዘይን በአጥር ላይ ያያል፤
"ይበላል?"
አይበላም።
"ይሸጣል?"
አይሸጥም።
"ታዲያ?" ይለኛል፤
"ታዲያ" ደግሞ በሜትር አይለካም።

ዓመት ዞሮ፣ ጥር መሬት ሲሰነጥቅ፣
የፊቴን እጣቢ ስረጭ፣ ስጠባበቅ፣
አንዱን ሐረግ ቀስ ብዬ ገለጥኩ፤
በየአንጓው ሥር ነጭ ጥፍር ቆጠርኩ፤
የኔ ሁለት ጥፍር
እዚያ ነው የበቀለው መሰለኝ፣ ለሰው ሳልናገር።

በሦስተኛው ዓመት፣ ጥቅምት ላይ፣ አበበ።
ሐምራዊ ነው፤ የሕፃን ጆሮ ጫፍ የሚያህል፤
አንድ፣ አርባ፣ ከዚያ ቁጥሩን የሚያስጥል።
ገመዴን ረሳ፤ ሰልፉን በተነ፤
ዶፍ ሲወርድ እንኳ ውሃው ጭምት ሆነ።
ብረቱን ሸፈነው ከነዝገቱ፤
በአጥሩ ሥር ሾልኮ ሄደ ወደ እንሰቱ።

ክስ ፈራሁ። ነዚፋ ትከሳለች።
መቀስ ይዤ ጎህ ሳይቀድ ወረድኩ፣
የተሻገረውን ልቆርጥ፤ አጥሩን ገለጥኩ፤
ነዚፋ ቀድማኛለች፤
በጉልበቷ ተንበርክካ
ከሐረጉ መሃል ሰርዶ ትነቅላለች።

አበባው ከኔ ይልቅ እዚያ ነው የደመቀው።
ለምን አይደምቅ? የስድስት ክረምት አፈሬ ነው
ቀድሞት ወርዶ የጠበቀው።

መቀሱን አየች። አልተነሳችም።
"ያን አስቀምጥና ወዲህ ና፤
ሰርዶ በአንድ እጅ አይነቀልም።"

ስንነቅል ረፈደ። ከጅረን ላይ ጉሙ ተገፈፈ።
የማን እጅ የት እንደደረሰ ማንም አልለካ፤
አንዴ ብቻ፣ ብረቱ ጋ ስንደርስ፣
እሷም እኔም ዘለን አለፍነው፣ ቅጠሉን ሳንነካ።

ኋላ እጇን በሻሿ ጠርጋ ቀና አለችና፣
"በኔ በኩል ይበልጣል" አለች።

በዓይኔ ለካሁት።
ልክ ነች።
በስንት ሳንቲም እንደሆነም አውቃለሁ፤
አልነገርኳትም።